ዓይን አፋሩ ሰይጣን

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ስንት ጊዜ ጀምሬው ወገቡ ላይ ስደርስ ሳል ይይዘኛል፤ ሳሉ ሲለቀኝ ወሬው ተለውጦ ስለ ጾም እናወራለን። ዓይን አፋር ሰው እንዲህ ነው። ምስጢር ጠባቂ ተብሎ ይመሰገናል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር የሚጠብቀው አፉን ለመክፈት ስለሚያፍር ነው። አሁን ግን ዕድሜዬም ገፍቷል፣ የማፍራቸውም ሰዎች አብዛኞቹ አፈር ገብተዋል። ደግሞ ወረቀት ደግ ነው፤ ዓይን ለዓይን አያይም።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበላችሁ። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ሁለት ልብስ ደርቦ ነው የሚወጣ። አንዱን ሸማኔ ይሠራዋል፤ ሁለተኛውን ጎረቤት። ሸማኔ የሠራው ሲያረጅ ይቀየራል። ጎረቤት የሠራልንን ግን ቢጠብም፣ ቢሰፋም፣ ቢያሳክክም ለብሰነው እንኖራለን። ጀግና የተባለው እየፈራም ይፎክራል፤ ሐዘንተኛ የተባለችው ሳቋ ሲመጣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ትጠቀጥቃለች፤ ጨዋ የተባለችው ደግሞ... የጨዋዋን ኋላ ትደርሱበታላችሁ።

እኔ ለዚህ ጨዋታ እንግዳ አልነበርኩም። አባቴ መሪጌታ ነበር። ያለው ወንድ ልጅ አንድ ይፍሩ ሲሆን፣ ይፍሩ ደግሞ ፊደል ሲያይ እንቅልፍ ይወስደዋል። ስለዚህ አባቴ በሩን ዘግቶ እኔን አስተማረ። በሩን የሚዘጋው “ንባብ የዘለቀች ሴት ማን ያገባታል?” የሚለውን ሐሜት ፈርቶ ነው። እኔም ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ቄሱ አንዲት ቃል ዘለው ሲያልፉ እንኳ ከንፈሬ እንዳይንቀሳቀስ እጠነቀቅ ነበር። ማወቅ ብዙ አያደክምም። የሚያደክመው አላዋቂ መስሎ መቆም ነው።

ያኔ ከተማው ገና ተራራው ላይ ነበር። ንጉሡ እንጦጦ ላይ ከትመው፣ መኳንንቱ ድንኳኑን በጎጆ እየለወጠ፣ ጽዱና ወይራው በየቀኑ እየተቆረጠ ደኑ ወደ ኋላ የሚያፈገፍግበት ዘመን ነው። ባሕር ዛፍ የሚባለውን እንግዳ አገሩ ገና አላወቀውም። እኛ ቤታችን ወደ የካ፣ ከሚካኤል በታች ነበርና “ከተማ ወጣን” ነበር የምንለው። ዛሬ ሰዎች “ከተማ ወረድን” ሲሉ ስሰማ ይገርመኛል። አገሩ ሁሉ ቁልቁል ሄደ።

አባቴ የሞተው በገና ዕለት፣ በገና ጨዋታ ላይ ነው። “በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ” የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ድሀው ጌታውን በዱላ ቢያቆስል የማይጠየቅበት ቀን ስለሆነ፣ ዓመት ሙሉ ቂሙን ያጠራቀመ ሁሉ ዱላውን ሲያለሰልስ ይሰነብታል። አባቴ አይጫወትም። መቋሚያውን ተደግፎ ከሜዳው ዳር ቆሞ ይስቅ ነበር። ኳሷ ወደ እሱ ስትመጣ ጎረቤታችን ቦጋለ ተከትሏት ሮጠ፤ ዱላውን አነሣ፤ አወረደ። ኳሷ አለፈች። ዱላው አባቴ ጆሮ ግንድ ላይ ቀረ።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን “ሲሳዩ አለቀ” ተብሎ ይለቀስ ነበር። ግን ቦጋለና አባቴ በዚያው መኸር በእርሻ ድንበር ተጣልተው፣ ቦጋለ ሰው በተሰበሰበበት “ከአንተ ጋር የሚነጋገረው ዱላዬ ነው” ብሎ ኖሯል። ሰው በንዴት የሚናገረውን ሰይጣን ብቻ አይደለም የሚሰማው፤ ጎረቤትም ይሰማል። ቦጋለም ማረኝ ብሎ ከመውደቅ ይልቅ ያን ማታ ጠፋ። የሸሸ ሰው ምስክር አያስፈልገውም፤ እግሩ መሰከረበት።

እናቴ አላለቀሰችም። የአባቴን ደም የነካውን ኩታ ሳታጥብ አጥፋ በሙዳይ ከተተችው። ወደ ንጉሡ ችሎት እንሂድ ሲሏት፣ ዳኛው “የጨዋታ ደም ነው” ብሎ እንዳያልፈው ፈራች። ደግሞ ዳኛዋ እቤቷ አለ፤ ወንድ ልጅ ወልዳለች። “ይፍሩ” አለችው፣ “የአባትህ ደም እስኪመለስ ምላጭ ራስህን አይነካውም።” የአገራችን ደንብ ነው፤ ደም መላሽ አይላጭም። ጠጉሩን ያየ ሁሉ ዕዳውን ያይበታል።

አሁን ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ። ስሙን ያወጣለት አያታችን ነው፤ ጠላት ይፍራው ብሎ። እሱ ግን ንብ አናቢ ሆኖ አረፈው። ቀፎዎቹን ከየካ በላይ ባሉት ጽዶች ላይ ሰቅሎ፣ ከሰው ይልቅ ከነሱ ጋር ይውላል። ንብ ስትነድፈው “እኔ ነኝ ያስቸኮልኳት” ይላል። ይህን ሰው ነው ጎፈሬ አስረዝመው፣ ጠመንጃ አስይዘው፣ “ዘራፍ” በል ያሉት።

እሱም አለ። መቼስ የጎረቤትን ልብስ ማን ያወልቃል? በየድግሱ ብድግ ብሎ ሲፎክር ፊቱ ይቀላል፣ ሥሩ ይገተራል፣ እናቴ ቀና ትላለች። በየጊዜው ጠመንጃውን አንግቶ “ደመኛዬን ላድን” ብሎ ይወጣል። ሲመለስ ታዲያ ማር ይዞ ነው የሚመለስ። ወራት አለፉ። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ምንጩ ላይ እንዲህ ብለው ገጠሙለት፦

ጎፈሬ አሳደገ አንበሳ ሊመስል፣
ንቧ ቀፎ መስሏት ገብታ እንዳትውል።

ግጥሙ ጥሩ ነው። የወንድሜ ባይሆን ኖሮ እኔም እስቅ ነበር።

አንድ ቀን ስንቅ ይዤለት ወጣሁ። ከጽዶቹ መካከል ድምፅ ሰማሁና ተጠግቼ ባይ፣ ጋሼ ይፍሩ ጠመንጃውን ቅርንጫፍ ላይ ሰቅሎ፣ ቀፎዎቹ ፊት ቆሞ ይፎክራል። ግን በሹክሹክታ። “ዘራፍ... ዘራፍ የመሪጌታ ልጅ...”

“ጋሼ፣ ማንን ነው የምታስፈራራው?” አልኩት።

ደነገጠ። ከዚያ ሳቅ አለ። “ራሴን። ጮክ ብል ደግሞ ንቦቹ ይቆጣሉ።”

“ቦጋለን ፈልገኸዋል?”

“የሌለበትን ቦታ ሁሉ ፈልጌያለሁ።” ቁጭ አለ። “ስሚ አስካለ፣ አንዳንድ ቀን ዱላው ሲወርድ ይታየኛል፤ ያን ጊዜ ባገኘው እገድለዋለሁ። ወዲያው ደግሞ አባባ ሲስቅ ይታየኛል። ዱላው ከመድረሱ በፊት እኮ ይስቅ ነበር። ሆን ብሎ ይሁን አይሁን የሚያውቀው ቦጋለ ብቻ ነው፤ እሱን ከገደልኩት ደግሞ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።”

“ለእምዬ ንገራታ።”

“አንቺ ለምን አትነግሪያትም? ንባብ ያለሽ አንቺ ነሽ።”

ሁለታችንም እናታችንን እንፈራለን። እሷ ደግሞ ሙዳዩን ትፈራለች መሰለኝ፤ ከአልጋዋ ራስጌ አውርዳው አታውቅም። ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። ታላቃቸው ኦቦ ዱጋሳ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የአባቴም የቦጋለም ወዳጅ፣ “እመት፣ ደም በደም ቢታጠብ ይብሱን ይደምቃል። በውሃ ነው የሚለቀው” አሏት። እናቴ አብልታ፣ አጠጥታ፣ “እግዜር ያክብርልኝ” ብላ ሸኘቻቸው። እንቢታ በጨዋ ደንብ ሲሆን እንዲህ ነው፤ ጠግቦ ይወጣል።

ስለ ራሴ ግን ምንም አላልኳችሁም። ዝም ያለች ልጅ የታረቀች ትመስላለች። ጠዋት ጠዋት ለአባቴ ነፍስ ጸሎት አነባለሁ። ከጸሎቱ ጠላት የሚረገምበት ቦታ አለ። እዚያ ስደርስ ድምፄ ሳላዝዘው ከፍ ይላል። ቶሎ ዝቅ አደርገዋለሁ። በማግስቱም እንዲሁ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ ገበያ ደርሳ የተመለሰች ጎረቤት ከእናቴ ጋር አጥር ሥር ተንሾካሾከች። ቦጋለ ተገኝቷል። ከእንጦጦ ጀርባ ሲንከራተት ከርሞ ታሞ ተመልሶ፣ በቁልቁለቱ ካለው ጠበል ጠዋት ጠዋት ይጠመቃል። እናቴ ቤት ገብታ ቅቤ አቀለጠች። ወንድሜን ቁጭ አድርጋ ጎፈሬውን ቀባችው። እጇ እንዲህ ለስልሶ አይቼው አላውቅም።

“ነገ ጠበል እንወጣለን” አለች። “ራሴን አሞኛል።”

“ጠመንጃስ?” አለ ይፍሩ።

“በኩታህ ሥር ያዘው። ከቅጥሩ ውስጥ አይሆንም፣ የእግዜር ቦታ ነው። ከበሩ ወጥቶ ከታች ካለው ትልቁ ጽድ ሲደርስ።” ጎፈሬውን ዳብሳ ደግሞ፣ “ልጄ ነህ፤ አውቃለሁ አታሳፍረኝም” አለችው።

ይህች “አታሳፍረኝም” የምትባል ቃል በአገራችን ከጎራዴ ይልቅ ሰው ፈጅታለች።

እሑድ ጠዋት ዳገቱን ወጣን። ውርጭ ሣሩን አንጥቶታል። እናቴ ከፊት፣ እኔ ከመሀል፣ ጋሼ ከኋላ። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቦጋለ ከሞተ የቦጋለ ልጆች ጠጉር ያሳድጋሉ። ከዚያ ጋሼ ይሞታል። ከዚያ እናቴ እኔን አይታ፣ ወንድ ልጅ እንድወልድላት ትጠብቃለች። ኩታዎቹ በሙዳይ ላይ ሙዳይ ይደራረባሉ።

ጠበሉ ያው እንደምታውቁት ነው። ከዓለት ሥር የሚወጣውን ውሃ በእንጨት አሸንዳ አውጥተው፣ በእሾህ አጥረው፣ ሴቱን ባንድ ወገን ወንዱን ባንድ ወገን ያስጠምቃሉ። የታመመ ይቆማል፣ መንፈስ ያደረበት ይጮኻል። አጥማቂው አባ ኪሮስ መስቀላቸውን ይዘው “ማን ነህ? የት ያዝካት? ልቀቃት!” ይላሉ። መንፈሱም ስሙንና ሥራውን ይናዘዛል። አክስቴን ይዤ ለብዙ ጊዜ ተመላልሼ ስለነበር አጯጯሁን ሁሉ አውቀው ነበር። ዓይን አፋር ሰው የሚናገረው ትንሽ ነው፤ የሚያየው ግን ብዙ።

ቦጋለ ከውሃው ወጣ። ሳየው አላወቅሁትም። ያ ትከሻ የት እንደሄደ እንጃ፤ ጎድኑ ይቆጠራል። እኛን አላየንም። እየተንቀጠቀጠ ልብሱን ይፈልጋል። ወንድሜ አንዴ አየው፤ ፊቱ እንደ ደረቀ ቁርበት ሆነ፤ ወደ በሩ ሄደ። እናቴ እጄን ጨበጠችኝ። ጣቶቿ በረዶ ነበሩ። ያን ጊዜ ነው እሷም እንደምትፈራ የገባኝ። ግን ጎረቤት የሠራላትን ልብስ እንዴት ታውልቀው?

ቦጋለ ወደ በሩ መራመድ ጀመረ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስጽፍ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። እኔ፣ ሰው ባለበት ውሃ ስጠጣ እንኳ ፊቴን የማዞር ልጅ፣ እጄን ከእናቴ መንጭቄ ሮጥኩና በሩ ላይ ተዘረርኩ። ጮኽኩም።

“እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያስመታሁት! የቦጋለን ክንድ የገፋሁት እኔ ነኝ!”

ሰው ተተራመሰ። አባ ኪሮስ መጡ፤ ቀዝቃዛው ውሃ ፊቴ ላይ ፈሰሰ፤ መስቀሉ ግንባሬ ላይ አረፈ።

“ማን ነህ?”

“የደም ጋኔን ነኝ!”

“ይህችን ልጅ የት አገኘሃት?”

“በገና ሜዳ! አባቷን በላሁ፤ አልጠገብኩም! ወንድሟ ቦጋለን ይግደልልኝ! ከዚያ የቦጋለ ልጆች እሱን ይግደሉልኝ! ደም ስጡኝ! ደም!”

ሐሳቤ ይገባችኋል። ወንድሜን “አትግደል” ብለው ማን ይሰማኛል? ሽማግሌም ብሎት አልሆነም። ሰይጣን “ግደል” ቢል ግን የትኛው ክርስቲያን ይታዘዘዋል? ስለዚህ ላስቀረው የፈለግሁትን ነገር ጮኼ ለመንኩት። እስከዚህ ድረስ ተንኮሉ የኔ ነበር፤ እንዲያውም በልቤ “ጎሽ አስካለ” ሳልል አልቀረሁም።

ምስጢሬ ይህ ብቻ ከመሰላችሁ ግን ገና ናችሁ።

ቀና ስል ቦጋለ ከፊቴ ቆሟል። እጆቹን አየኋቸው። ያን ዱላ የያዙት እጆች ናቸው። ያን ጊዜ ከአንጀቴ ሌላ ድምፅ ወጣ፤ ያላሰብኩት፣ ያልተለማመድኩት።

“ግደለው! ጋሼ፣ ግደለው! ምን ትጠብቃለህ? የሱ ልጆች አባት አላቸው! እኔን አሁን ማን ያስነብበኛል? በሩን ዘግቶ ማን ያስነብበኛል?”

አባ ኪሮስ እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ስለ ንባብ የሚጨነቅ ጋኔን ከዚያ በፊት የገጠማቸው አይመስለኝም።

እኔም ሰማሁት። የሰይጣን ነው ብዬ የጀመርኩት ድምፅ የራሴ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከፍ ሲል ዝቅ የማደርገው ያ ድምፅ ነው። ወንድሜ ጫካ ሄዶ ይፎክራል፣ እናቴ ሙዳይ አላት፤ እኔ ግን ጨዋ ነኝ፤ ጨዋ ልጅ ደም ፈልጋ አታውቅም። ስለዚህ ማንም፣ እኔም ጭምር፣ ጠይቆኝ አያውቅም። እዚያ ጭቃ ላይ ተጋድሜ አለቀስኩ። ለአባቴ እንዲህ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው፤ ያውም በሰይጣን ስም።

አባ ኪሮስ ዝቅ ብለው አዩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን አለሳልሰው፣ ቃሉ ለጠፋበት ተማሪ እንደሚያቀብል መምህር፣ “በል፣ የት ነው ያለኸው? ማደሪያህን ተናገር” አሉ።

“ከኩታው ነኝ” አልኩ እየተንሰቀሰቅሁ። “ሳይታጠብ ከተቀመጠው ኩታ። ከወንድሟም ጎፈሬ። ኩታው ከታጠበ፣ ጠጉሩ ከተላጨ ማደሪያ የለኝም።”

“ወጥተሃል?”

“ወጥቻለሁ።”

ወጥቶም ነበር። ይህን ምዬ እነግራችኋለሁ፤ እመኑኝ። የያዘኝ መስዬ ወድቄ፣ ድኜ ተነሣሁ።

ስነሣ ቦጋለ ልብሱን እንኳ ለብሶ ሳይጨርስ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ አድርጎ እናቴ እግር ላይ ወድቋል። “እመት፣ ኳሷን ነበር ያየሁ” ይላል። “ኳሷን ነበር ያየሁ። ያን የድንበሩን ቃል ባልተናገርኩ። በሱ ምክንያት ማን ያምነኛል ብዬ ነው የሸሸሁ።”

ወንድሜ ከበሩ ውጭ ቆሞ ወደ ውስጥ ያያል። ኩታው ሥር ያለው ነገር ለሁሉም ይታያል። ውሃው ብቻ ይወርዳል።

“ይፍሩ፣ ና” አለች እናቴ።

መጣ። እጇን ኩታው ሥር ሰድዳ ጠመንጃውን አወጣችና ለአባ ኪሮስ አስረከበች።

“የባሌን ደም ለሰይጣን አላጠጣም” አለች። ከዚያ ቦጋለን ቁልቁል አየችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው። “ድንጋዩን አውርዱለት። አንገቱ ቀጥኗል።”

ከዚያ የሆነውን ባጭሩ ልበላችሁ። ያንኑ ቀን እናቴ ሙዳዩን ከፍታ ኩታውን ይዛ ወንዝ ወረደች፤ እርዳታ አልፈለገችም። ኦቦ ዱጋሳ ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው መጡ፤ የበሉት ምግብ በዚህ ጊዜ ውጤት ነበረው። የተጣላንበት ድንበር ላይ ማንም እንዳያርስ ተማማልን። እዚያ ሣር በቀለበት፣ አበባ በቀለበት፣ የጋሼ ንቦች ወረሱት። በየዓመቱ በገና ዕለት ወንድሜ ለቦጋለ ማር ይልክለት ነበር። ገና ጨዋታ ግን ሁለቱም ደግመው አልተጫወቱም።

አገሩ ታዲያ ምን አለ? “አይ ሰይጣን!” አለ። ቦጋለም ንጹሕ፣ ይፍሩም ፈሪ ያልሆነ፣ እናቴም ቃሏን ያላጠፈች፣ ሁሉም በሰይጣን አመካኝቶ ከነክብሩ ወጣ። ሳስበው በአገራችን ከሰይጣን የበለጠ አስታራቂ ሽማግሌ ያለ አይመስለኝም። ጥፋቱን ሁሉ ይሸከማል፤ ምሳ እንኳ አይጠይቅም። እኔንም ሰዎች “ምን ይመስል ነበር? ቀንድ አለው?” ይሉኝ ነበር። መሬት መሬት አያለሁ። ዓይን አፋርነቴ ያን ጊዜ ጠቀመኝ፤ “ትዝ ሲላት ይዘገንናታል” እያሉ ይተዉኝ ነበር። እናቴ ታውቅ ይሆን? እስክትሞት አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

የወንድሜን ግን አውቃለሁ። በማግስቱ ጠዋት ነው።

ፀሐይ ደጃፉን ስታሞቀው ውሃ ለብ አድርጌ፣ ምላጭ ስዬ፣ ጋሼን በርጩማ ላይ አስቀመጥኩትና ጎፈሬውን መላጨት ጀመርኩ። ጠጉሩ በጭብጥ በጭብጥ ይወርዳል። ከሥሩ የአባቴ ራስ ብቅ አለ፤ ያው ጠባብ ግንባር፣ ያው ጆሮ። እናቴ የታጠበውን ኩታ አጥር ላይ እያሰጣች ጀርባዋን ሰጥታናለች።

“አስካለ” አለኝ።

“አቤት ጋሼ።”

“ያ የትናንቱ ሰይጣን የት አገር ሰው ነው?”

“እኔ ምን አውቃለሁ? ራሴን ስቼ ነበር።”

“የጨዋ ልጅ ይመስላል።”

“ምነው?”

“በሩ ላይ ስትወድቂ ቀሚስሽ ከጉልበትሽ በላይ ወጥቶ ነበር። እሱ ደግሞ ‘ደም! ደም!’ እያለ፣ በግራ እጁ ጎትቶ ጉልበቱን ሸፈነ። እኔ መቼም ጠበል ቦታ ብዙ ሰይጣን አይቻለሁ፤ ጉልበቱን የሚሸፍን ግን እሱን ብቻ ነው ያየሁት።”

ምላጩ እጄ ላይ ቆመ። ፊቴ እንደ ፍም ጋለ። ለካ በሩ ላይ ቆሞ፣ ጣቱ የጠመንጃው ምላጭ ላይ ሆኖ ያየው ይህንን ነው፤ አይቶም ዝም ብሎ “ሰይጣን ነው” ካሉት ጋር አማተበ።

“ጋሼ” አልኩት፣ “ምላጭ ይዣለሁ።”

“እሱንስ አይቻለሁ” አለና ሳቀ። ከገና ወዲህ እንዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

እናቴ ዘወር ሳትል፣ የኩታውን ጫፍ እያቃናች፣ “አንቺ ልጅ፣ ራሱን ጠበቅ አድርገሽ ያዥው፤ የሚስቅ ራስ ይቆረጣል” አለች።

ቀሚሴን ወደ ታች ሳብ አድርጌ የቀረውን ላጨሁት።